በዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች መዝለቅና የትምህርት ብክነት

ስለ ትምህርት ብክነት በተነሣ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። አንደኛ ክፍል ተመዝግቦ አራተኛ ክፍል ሳይደርስ የሚቀረው ሕፃን፣ በአጨዳ ወራት ከክፍል የሚጠፋው እረኛ፣ ለጋብቻ ተብላ ከትምህርቷ የምትነጠለው ልጃገረድ፣ እነዚህ ሁሉ ሲጠኑና ሲጻፍባቸው የኖሩ ናቸው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ፣ ብሔራዊውን ፈተና አልፎ የተመረጠ በመሆኑ፣ ከዚያ ወዲያ የሚደርስበት ነገር እንደ ግል ጉዳዩ ይቆጠራል። ተምሮ ቢመረቅ ጎበዝ ነበር ይባላል፤ በመንገድ ቢቀር ደግሞ ሰነፍ ነበር፣ ወይም ከመነሻው ለቦታው የሚመጥን አልነበረም ይባላል።

በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ሐሳብ ከዚህ የተለየ ነው። አንድ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ዩኒቨርሲቲውን ለቆ መሄዱ ወይም አለመሄዱ በተማሪው ችሎታና ትጋት ብቻ የሚወሰን ሳይሆን፣ ዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በሚያደራጅበት አኳኋን ጭምር የሚወሰን ነው። ይህ ሲባል የማለፊያውን መስፈርት ዝቅ አድርጎ ሁሉንም ማሳለፍ ይገባል ማለት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩ ምሩቃን የመውጫ ፈተና እንዲወስዱ በመደረጉ፣ ሳያውቅ ከዓመት ወደ ዓመት የተሻገረ ተማሪ ውድቀቱን ለሌላ ጊዜ አስተላለፈ እንጂ አላመለጠም። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ፈተናውን ከወሰዱት መካከል ያለፉት 40 በመቶ ያህል ብቻ መሆናቸው ነገሩን በጥሞና እንድንመለከት የሚያስገድድ ነው።

ማቋረጥ ሲባል

በሬጅስትራር መዝገብ ውስጥ «ወጣ» ተብሎ የሚሰፍረው ተማሪ አንድ ዓይነት አይደለም። የውጤቱ አማካይ ከተወሰነው በታች ሆኖ የተሰናበተ አለ። በሕመም ወይም በቤተሰብ ችግር ምክንያት ቅጽ ሞልቶና አስፈርሞ ለጊዜው የለቀቀ አለ። ወደ ሌላ ተቋም የተዛወረ አለ። ከሁሉም ይልቅ የማይታየው ግን የመጀመሪያው ሴሚስተር እንዳበቃ ለዕረፍት ወደ አገሩ ሄዶ ለሁለተኛው ሴሚስተር ሳይመዘገብ የቀረው ነው። እርሱ የሞላው ቅጽ የለም፤ የተሰናበተበት ደብዳቤም የለም። በዓመቱ መጨረሻ «በውጤት ምክንያት የተሰናበቱ» ተብሎ የሚቀርበው ቁጥር እርሱን አይጨምርም። ለምን እንዳልተመለሰ የሚጠይቀው ሰው ከሌለ ደግሞ ምክንያቱ ከእርሱ ጋር ቀረ ማለት ነው።

የዕቅድ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት የተለመደ ስሌትም በዚህ ረገድ ሊያሳስት የሚችልበት መንገድ አለ። ለምሳሌ ያህል የአራት ዓመት ትምህርት የጀመሩ 100 ተማሪዎች ይታሰቡ። 20ዎቹ በአንደኛው ዓመት መጨረሻ ቢወጡና የቀሩት 80 በወቅቱ ቢመረቁ፣ ተቋሙ ያስተማረው በጠቅላላው 340 የተማሪ ዓመት ሲሆን ለአንድ ምሩቅ የሚደርሰው 4.25 ዓመት ነው። እነዚያው 20 ተማሪዎች የወጡት በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ቢሆን ኖሮ ግን ድምሩ 380፣ ለአንድ ምሩቅ የሚደርሰውም 4.75 ዓመት ይሆን ነበር። በዚህ ስሌት ብቻ የሚመራ ሰው፣ የሚወድቅ ተማሪ ቶሎ ቢወድቅ ይሻላል ከሚል መደምደሚያ ላይ ቢደርስ አይፈረድበትም። አንደኛው ዓመት እንደ ሰፌድ ተቆጥሮ ብዙ ሰው ማውጣቱ የጥራት ምልክት ተደርጎ ሲነገር የሚሰማውም በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው። ስሌቱ የማያሳየው ነገር ቢኖር በሰፌዱ የወጣው ገለባ ብቻ ነው ወይስ ፍሬም አብሮ ወጥቷል የሚለውን ነው። ከዚህም ሌላ ለመንግሥት በጀት ርካሽ የሚመስለው የአንደኛ ዓመት ስንብት፣ ልጁን ለመላክ በሬ ለሸጠ ቤተሰብ፣ ልጁን እንደ አርአያ ሲጠራ ለነበረ የወረዳ ትምህርት ቤትም ርካሽ አይደለም።

አንደኛው ዓመት በኢትዮጵያ

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርት ሲጀምር ተማሪዎቹ በጥቂት አሥሮች የሚቆጠሩ ስለነበሩ፣ አንድ ተማሪ ከክፍል ቢጠፋ መጥፋቱ በዚያው ዕለት ይታወቅ ነበር ለማለት ይቻላል። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ሆኗል። በመካከሉ የአንደኛው ዓመት ትምህርት ቦታውን ደጋግሞ ለውጧል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 11ኛና 12ኛ ክፍልን የመሰናዶ ትምህርት ሲያደርግ፣ ቀድሞ በዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ይሰጥ የነበረው ጠቅላላ ትምህርት ወደ መሰናዶው ወረደ፤ የብዙዎቹ የዲግሪ ትምህርቶች ዘመንም ከአራት ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ግን አንደኛው ዓመት እንደገና የጋራ ትምህርት ሆኖ ተመልሷል። ተማሪው በዚያ ዓመት ከእንግሊዝኛና ከሒሳብ ሌላ ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብን፣ ሥነ ልቡናን፣ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን ጂኦግራፊና ታሪክ፣ አንትሮፖሎጂንና ሌሎችንም ይማራል። በዓመቱ መጨረሻ የሚደለደልበት የትምህርት ክፍል በዚሁ ውጤት ስለሚወሰን፣ አንደኛው ዓመት የሚያስተምር ብቻ ሳይሆን የሚያከፋፍልም ዓመት ነው።

ወደዚህ ዓመት የሚገባው ተማሪ በምን ዓይነት ዝግጅት እንደሚመጣም የታወቀ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህም ምክንያት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከዚያ በታች ካመጡት መካከል የተወሰኑት በተለምዶ ሬሜዲያል የሚባለውን የአቅም ማሻሻያ ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎች እንዲከታተሉ ተደረገ። ስለዚህ በአሁኑ ጊዜ በአንድ የአንደኛ ዓመት ክፍል ውስጥ በቀጥታ የገቡና በማሻሻያው በኩል የገቡ ተማሪዎች ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ሁኔታ አለ።

ነገሩን ከቁጥር አውጥቶ በዓይነ ሕሊና ለማየት ያህል፣ ከአንድ የወረዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአንደኛነት ተመርቆ የመጣ ልጅ ይታሰብ። በምደባ የደረሰው ዩኒቨርሲቲ ከቤቱ የሁለት ቀን የአውቶቡስ መንገድ ይርቃል። በመኝታ ክፍሉ ውስጥ ከእርሱ ጋር የሚያድሩት ልጆች በየቤታቸው የሚነጋገሩበት ቋንቋ የተለያየ ነው። እስከ አሁን ድረስ መምህሩ በእንግሊዝኛ የጻፈውን በአፍ መፍቻ ቋንቋ እያብራራ ያስተማረው ስለነበር፣ አንድ ሰዓት ሙሉ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚነገር ትምህርት ሰምቶ አያውቅም። በአዳራሹ ውስጥ ብዙ ሰው ስላለ ለመጠየቅ ያፍራል። የመጀመሪያው ፈተና የሚሰጠው ሴሚስተሩ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ከሃያ ሰባት ያገኛል። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ማርክ አግኝቶ ስለማያውቅ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከትና ለማንም አያሳይም። ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ነገር የማንኛውም ትጉህ ልጅ ነው፤ ብቻውን ሌሊቱን ያነባል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ፣ ማለትም ብቻውን ማንበቡ፣ እንደ ቀላል ነገር ታልፎ የሚኬድ ሊሆን አይገባውም። ምክንያቱን ለመረዳት በሌላ አገር የተደረገ አንድ ጥናት በሰፊው ሊታይ ይገባል።

የበርክሌይ ጥናት

በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ዩሪ ትሪስማን የተባለ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በአሜሪካ አገር በበርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አንድ ጥያቄ አነሣ። ካልኩለስ ለሳይንስ፣ ለምህንድስናና ለሕክምና ትምህርት መግቢያ በር ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት አሥር ዓመታት ትምህርቱን ወስደው ከጨረሱት ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ውስጥ 60 በመቶው በመጀመሪያው ሴሚስተር ያገኙት ዲ ወይም ኤፍ ነበር። ትሪስማን ምክንያቱ ምን እንደሆነ መምህራንን በጠየቀ ጊዜ ያገኘው መልስ ወደ አራት የሚጠቃለል ሆነ፤ ተማሪዎቹ ፍላጎት የላቸውም፤ የሁለተኛ ደረጃ ዝግጅታቸው ደካማ ነው፤ ቤተሰቦቻቸው የትምህርትን ዋጋ አያውቁም፤ ድሆች ናቸው። እነዚህ አራት መልሶች ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆኑም፤ በየመምህራን ማረፊያ ክፍሉ በየቀኑ የሚሰሙ ናቸውና።

ትሪስማን መልሶቹን እንዳሉ ከመቀበል ይልቅ 20 ጥቁር ተማሪዎችንና 20 ትውልዳቸው ከቻይና የሆኑ ተማሪዎችን መርጦ፣ እነዚህኞቹ በትምህርቱ በደንብ የሚቀናቸው ነበሩና፣ ከዓመት በላይ ተከታተላቸው። ወደ መኝታ ክፍላቸው፣ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ፣ እስከ ቤተሰቦቻቸውም ድረስ ሄደ። ያገኘው ውጤት አራቱንም መልሶች የሚያፈርስ ነበር። ተማሪዎቹ ከየትምህርት ቤታቸው የላቀ ውጤት ይዘው የመጡ ስለነበሩ ፍላጎት የላቸውም ሊባሉ አይችሉም። ወላጆቻቸው ልጆቻቸው ከፍተኛ ትምህርት ደረጃ እንዲደርሱ ብዙ የደከሙ ነበሩ። የዝግጅት ጉድለት አለ የተባለውም ቢሆን፣ በመግቢያ ፈተና በሒሳብ ከፍ ያለ ነጥብ ያመጡት ጥቁር ተማሪዎች ዝቅ ካሉት የተሻለ ውጤት አላገኙም፤ እንዲያውም ጠንካራ ከተባሉት ውስጥ ቀድመው የወደቁ ነበሩ።

በሁለቱ ወገኖች መካከል የታየው ልዩነት የጥናት አኗኗር ልዩነት ሆኖ ተገኘ። ጥቁሮቹ ተማሪዎች መምህሩ የነገራቸውን በትክክል ይፈጽሙ ነበር። ለአንድ የክፍል ሰዓት ሁለት ሰዓት አጥኑ ተብለው ስለነበር፣ በሳምንት ለአራት የክፍል ሰዓት ስምንት ሰዓት ያጠናሉ። የሚያጠኑት ግን ብቻቸውን ነው፤ ከሃያዎቹ 18ቱ ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር ተቀምጠው አያውቁም። ወዳጅነት ለብቻው፣ ጥናት ለብቻው ነበር። ብቻውን መታገል በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሌሎች ለይቶ ያወጣቸው ጠባይ በመሆኑ፣ ያንኑ ልማድ ይዘው መጥተዋል። ትውልደ ቻይናውያኑ በበኩላቸው በሳምንት 14 ሰዓት ያህል የሚሠሩ ሲሆን፣ ከብቻ ጥናት በኋላ ማታ ማታ ተሰብስበው መልሳቸውን ያመሳክራሉ፤ የቆዩ የፈተና ወረቀቶችን ይሠራሉ፤ አንዱ የሌላውን እንግሊዝኛ ያርማል። አንድ ጥያቄ ሁሉንም ካቃታቸው ጥያቄው ራሱ ከባድ መሆኑን ያውቃሉ። ብቻውን የሚሠራው ተማሪ ግን ያው ጥያቄ ሲያቅተው የሚደርስበት መደምደሚያ እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም የሚል ነው። የክፍሉ ግማሽ በዚያው ጥያቄ ላይ እንደተቸገረ የሚነግረው ሰው የለም።

ዩኒቨርሲቲው ለደካማ ተማሪዎች የተዘጋጀ የማጠናከሪያ ትምህርት ነበረው። ተማሪዎቹ ግን አይሄዱበትም ነበር። ከየትምህርት ቤታቸው አንደኛ ወጥተው የመጡ ልጆች ለደካሞች የተባለ በር ውስጥ መግባት እንደ ውርደት ይታያቸዋልና። በዚህም ምክንያት በ1978 እ.ኤ.አ. የተጀመረው አዲስ ዝግጅት የማጠናከሪያ መልክ አልተሰጠውም። ተማሪዎቹ የተጠሩት ከፍ ላለ ውጤት የሚያዘጋጅ የሒሳብ ወርክሾፕ አለ ተብለው ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ሁለት ሰዓት ያህል፣ በትናንሽ ቡድን ተቀምጠው በጥንቃቄ የተዘጋጁ ከባድ ጥያቄዎችን ይሠራሉ። የቡድኑ መሪ አያስተምርም፤ በጠረጴዛዎቹ መካከል እየተዘዋወረ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ሲያስፈልግም ፍንጭ ይሰጣል። በወርክሾፑ የተሳተፉት ጥቁር ተማሪዎች ካልተሳተፉት ጥቁር ተማሪዎች ብቻ ሳይሆን ከነጮቹና ከትውልደ እስያውያኑ የክፍል ጓደኞቻቸው አማካይ ውጤት በልጠው ተገኙ። በትምህርታቸው የመዝለቃቸውም መጠን ከፍ አለ።

በዚህ ጥናት ውስጥ ለሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ ከሁሉ የሚጠቅመው የጥያቄዎቹ ጉዳይ ነው። ቡድን መመሥረት ቀላል ነው፤ ቡድኑ ተቀምጦ የሚሠራውን ነገር ማዘጋጀት ግን ሥራ ነው። ቀላል ጥያቄ ከተሰጠ ጎበዙ ይሠራዋል፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ። አንድ ሰው ብቻውን የማይጨርሰው ጥያቄ ሲሰጥ ነው ቡድኑ በእውነት ቡድን የሚሆነው።

አንድ ለአምስት እና የቡድን ጥናት

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ መምህራን የሚያነሡት ተቃውሞ ይኖራል። ይኸውም በአገራችን ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ከ2005 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አንድ ለአምስት የተባለ አደረጃጀት ተሞክሮ አልነበረምን? የሚል ነው። ተሞክሯል። አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ተማሪዎችን ይመራል፤ ቡድኑ ይሰበሰባል፤ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ ሪፖርት ወደ ላይ ይላካል። በአንዳንድ ክፍሎች ትጉህ መምህራን ለእውነተኛ ጥናት እንደተጠቀሙበት አይካድም። በብዙ ቦታ ግን የቀረው ቅጹ ነው። ሪፖርቱ የሚጠይቀው ቡድኑ መሰብሰቡን እንጂ ምን እንደሠራ አልነበረም። አደረጃጀቱ ከትምህርት ውጭ ላለ ጉዳይም መከታተያ ነው የሚል ስሜት ስላደረ፣ ተማሪው ከጓደኛው ፊት አላውቅም ለማለት የሚያስፈልገው መተማመን ጠፋ። መሪው ጎበዝ ተብሎ ሌላው ደካማ ተብሎ መሰየሙም በበርክሌይ ተማሪዎቹን ከማጠናከሪያው ክፍል ያራቀውን ስም በየጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ነበር።

እንግዲህ የቡድን ጥናት አንድ ጊዜ ተበላሽቶ መቀመጡ ሐሳቡን ለመጣል በቂ ምክንያት አይደለም። ሲደራጅ ግን በአንደኛ ዓመት ሒሳብና ፊዚክስ ቢጀመር፣ በመደበኛው የሰዓት ድልድል ውስጥ ቢገባ፣ ከሁሉም በላይ በየሳምንቱ የሚሠሩትን ጥያቄዎች የትምህርት ክፍሉ መምህራን ራሳቸው ቢያዘጋጁ ውጤቱ የተለየ ይሆናል ተብሎ ይታመናል። በሰዓት ድልድል ውስጥ መግባቱ በተለይ ለሴቶች ተማሪዎች ወሳኝ ነው። የቡድን ጥናት ለተማሪው ፈቃድ ሲተው የሚካሄደው ማታ፣ ከመኝታ ቤት ርቆ ባለ ሕንፃ ውስጥ ነው። ከመሸ በኋላ ብቻዋን መመለስ የምትፈራ ተማሪ ከቡድኑ ትቀራለች፤ ቀርታም ብቻዋን የምታጠና ትሆናለች። ለሴቶች በመግቢያ ነጥብ የሚደረገው ልዩ ድጋፍ በሩን ይከፍታል እንጂ የማታውን መንገድ አያበራም።

የአቅም ማሻሻያውን ትምህርት በተመለከተም ተመሳሳይ ነገር ሊባል ይቻላል። ተማሪው የወደቀበትን የ12ኛ ክፍል ትምህርት በፍጥነት መልሶ ማስተማር ብቻ ከሆነ፣ ቀድሞ ያልገባው ነገር አሁንም ሳይገባው የሚያልፍበት ዕድል ሰፊ ነው። ጥቂት ርእሶችን መርጦ፣ በእነዚያ ላይ በእንግሊዝኛ ማንበብን፣ መጻፍንና ከጓደኛ ጋር መከራከርን ማለማመድ ይበልጥ ይጠቅማል። ይህ ግን የማጠቃለያው ፈተና ስፋትን እንጂ ጥልቀትን የሚጠይቅ እስከሆነ ድረስ ለአንድ መምህር የማይቻል ነው፤ ፈተናውን የሚያዘጋጁትም ሊያስቡበት የሚገባ ነው።

ስለ ማኅበራዊ ኑሮ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቪንሰንት ቲንቶ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በ1975 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጽሑፍና በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ተማሪ የሚዘልቀው ከመምህራኑና ከጓደኞቹ ጋር በትምህርትም በኑሮም ሲዋሐድ ነው ብሏል። አሳቡ በሰፊው ተቀባይነት ያገኘ ቢሆንም ተማሪው የቀድሞ ማኅበረሰቡን ትቶ መምጣት አለበት የሚመስለው ክፍል ተተችቷል፤ ትችቱም ተገቢ ነው። ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ከቤት የሚመጣው ስልክ፣ ከአገሩ ልጆች ጋር የሚጠጣው ቡና የሚያቆየው እንጂ የሚያስወጣው አይደለም። ችግር የሚሆነው ከዚያ ክበብ ውጭ ሌላ የሚያውቀው ሰው ሳይኖረው ሲቀር ነው።

አነስተኛ ገንዘብ

በደንብ ቁጥር 91/1995 በተደነገገው የወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረት ተማሪው የምግብና የመኝታ ወጪውን፣ እንዲሁም ከትምህርቱ ወጪ የተወሰነውን ከተመረቀ በኋላ እንዲከፍል ውል ይገባል። ስለሆነም በትምህርት ላይ ሳለ ለመቆየት ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም ተብሎ ይታሰባል። ብዙ አያስፈልገውም፤ ትንሽ ግን ያስፈልገዋል። ሳሙና፣ ደብተር፣ የማባዣ ገንዘብ፣ ሲታመም መድኃኒት፣ በሴሚስተር ዕረፍት የመመለሻ መሳፈሪያ። ሳይመዘገብ ከቀረው ተማሪ ጀርባ አንዳንድ ጊዜ ያለው ይኸው የመሳፈሪያ ገንዘብ ነው።

በአትላንታ ከተማ የሚገኘው የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ታሪክ በዚህ ረገድ ትምህርት የሚሰጥ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ከተማሪዎቹ በስድስት ዓመት ውስጥ የሚመረቁት 32 በመቶ ብቻ የነበሩ ሲሆን፣ ከአሥር ዓመት ብዙም ሳይርቅ ቁጥሩ ከ50 በመቶ በላይ ደርሷል። ይህ የሆነው በአንድ ዘዴ አይደለም፤ ብዙ ሥራ በአንድነት ተሠርቷል። ከእነዚህ አንዱ በ2011 እ.ኤ.አ. የተጀመረው አነስተኛ ድጎማ ነበር። ዩኒቨርሲቲው መዝገቡን ሲመረምር፣ በጥሩ ውጤት ላይ ያሉ ተማሪዎች በጥቂት መቶ ዶላር ዕዳ ምክንያት ብቻ ከምዝገባ እንደሚሰረዙ አወቀ። ተማሪው እስኪያመለክት ሳይጠብቅ ራሱ ፈልጎ ዕዳውን ከፈለለት። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የገንዘቡ መጠን ሳይሆን ማን ማንን እንደፈለገ ነው። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችም ለችግረኛ ተማሪዎች የሚሰጡት ድጋፍ አላቸው፤ ድጋፉ የሚገኘው ግን ብዙውን ጊዜ በማመልከቻና በወረዳ ማስረጃ ነው። ማርኩን አጥፎ ኪሱ የሚከት ልጅ ችግሩንም እንዲሁ አጥፎ ይከታል።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ገንዘብ ከየት ይመጣል ለሚለው የዕቅድ ባለሙያ ጥያቄ የኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት በሚያስተምሩ ኮሌጆቹ ያደረገው ሙከራ መልስ ይሆናል። በ2007 እ.ኤ.አ. በተጀመረው በዚሁ ፕሮግራም የታቀፉ ተማሪዎች የቅርብ አማካሪ፣ ተጨማሪ ትምህርት፣ መጻሕፍትና የከተማ ትራንስፖርት ካርድ ያገኛሉ፤ በምላሹ ሙሉ ጊዜ መማርና አማካሪውን በየጊዜው ማግኘት ይጠበቅባቸዋል። በዕጣ ተለይተው በፕሮግራሙ ከታቀፉት 40 በመቶ በሦስት ዓመት ውስጥ ሲመረቁ፣ በዕጣው ካልታቀፉት የተመረቁት 22 በመቶ ነበሩ። ለአንድ ተማሪ የሚወጣው ገንዘብ ከተለመደው 60 በመቶ ያህል የበለጠ ሲሆን፣ ለአንድ ምሩቅ ሲሰላ ግን ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ቀደም ብሎ የቀረበው የተማሪ ዓመት ስሌት መምራት ያለበት ወደዚህ ነው። አካፋዩ ምሩቃን ናቸውና፣ አካፋዩ ሲጨምር ውድ የመሰለው ነገር ይረክሳል።

ከስድስተኛው ሳምንት በፊት

የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የኒውዮርክን በጀትም ሆነ የአትላንታን የኮምፒዩተር ሥርዓት መያዝ ሳይጠበቅባቸው ሊሠሩት የሚችሉት ነገር አለ። በአሁኑ አሠራር ዩኒቨርሲቲው አንድ ተማሪ በአደጋ ላይ መሆኑን የሚያውቀው የሴሚስተሩ ውጤት ሬጅስትራር ሲደርስ ነው። በዚያን ጊዜ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያም ሆነ ስንብት ከማሳወቅ በቀር ሌላ ጥቅም የለውም። ተማሪው ግን በሦስተኛው ሳምንት ላይ ምልክት ሰጥቷል፤ ከሁለት የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ቀርቷል፤ የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አላስረከበም፤ ምግብ አዳራሽ መምጣት ቀንሷል። እያንዳንዱን ምልክት ያየ አንድ ሰው አለ፤ መምህሩ፣ የመኝታ ቤት ተጠሪዋ፣ የካፌው ሠራተኛ። ሁሉንም ምልክት ያየ ሰው ግን የለም።

ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት በሒሳብና በእንግሊዝኛ አጭር ፈተና ቢሰጥ፣ ውጤቱም ለማርክ ሳይሆን ተማሪን ለማወቅ ብቻ ቢውል፤ ለእያንዳንዱ የአንደኛ ዓመት ክፍል አንድ ኃላፊ መምህር ተመድቦ የቀሪዎችን ስም ከመኝታ ቤት ተጠሪዎች ጋር በየሳምንቱ ቢያመሳክር፣ ከስድስተኛው ሳምንት በፊት አብዛኞቹን ማግኘት ይቻላል። ለመምህሩ ይህ ተጨማሪ ሸክም መሆኑ ግልጽ ነው። ሥራው ከማስተማሪያ ሰዓቱ ተቀንሶ ካልታሰበለትና ለደረጃ ዕድገት ካልተቆጠረለት እንደ አንድ ለአምስቱ ቅጽ ሆኖ ይቀራል። እንዲሁም በአንደኛ ዓመት ክፍሎች ላይ የሚመደቡት ብዙውን ጊዜ አዲስ የተቀጠሩ ረዳት መምህራን መሆናቸው መታረም ያለበት ልማድ ነው። ልምድ ያለው መምህር በምረቃ ዓመት ካሉት ይልቅ ለእነዚህ ያስፈልጋል።

የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ድርሻም አለ። አንድ የወረዳ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ወደ ዩኒቨርሲቲ ከላከ በኋላ በአንደኛው ዓመት የደረሱበትን የሚያውቀው በወሬ ነው። የትኛው ልጅ እንደተመለሰ በገበያ ይሰማል፤ በየትኛው ትምህርት፣ በስንተኛው ሳምንት፣ በምን ምክንያት እንደወደቀ ግን የሚነግረው የለም። ዩኒቨርሲቲው የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቹን ውጤት በመጡበት ትምህርት ቤት ከፋፍሎ፣ ስም ሳይጠቅስ፣ በእያንዳንዱ ትምህርት ስንቱ እንዳለፈና ስንቱ እንዳልተመዘገበ የሚያሳይ አንድ ገጽ በየዓመቱ በትምህርት ቢሮው በኩል ቢልክ፣ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል መምህሩ ተማሪዎቹን በምን እንዲያዘጋጅ ያውቃል። መረጃው በየሬጅስትራሩ ዘንድ አለ። የሚቀረው ገጹን የሚያዘጋጅ ሰው መመደብና ፖስታው ላይ የትምህርት ቤቱን ስም መጻፍ ነው።